ማሩ በኅዳር፣ ጠጁ በጥር

ጥሩ ወይን በጨረታ በሚገዙ አውሮፓውያን ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ ምላሱ የሠለጠነ፣ የየአገሩንና የየዘመኑን ወይን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሌሎች ንቀው ያለፉትን አግኝቶ ከሚገባው ዋጋ በታች ይወስዳል የሚል። እምነቱ የቆየ ነው። ክሪስቲስ የተባለው የለንደን አጫራች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1766 ባካሄደው የመጀመሪያ ጨረታው ወይን አቅርቦ ነበር። በፈረንሳይዋ ቦን ከተማ የሚገኘው ጥንታዊ የድሆች ሆስፒታልም ከ1859 ጀምሮ ከራሱ የወይን እርሻ የሚያገኘውን ምርት በጨረታ ሲሸጥ ኖሯል። ምዕራብ ጎጃም ግን የወይን አገር አይደለም። የወይን ፍሬ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድረስ ከዘለቀ በዋናነት ዘቢብ ሆኖ፣ ለቅዳሴ ሲባል ነው። የአገሩ ክቡር መጠጥ ጠጅ ነው፤ የጠጅም ዋጋ ከሞላ ጎደል የማር ዋጋ ነው። ስለዚህ የጨረታ ገዢዎቹን ጥያቄ ወደዚህ ካመጣነው እንዲህ ይሆናል፦ በዚህ አገር ጥሩ ማር በርካሽ ሲያገኝ የኖረው ማን ነው? በምንስ ምክንያት? የገበያው ታሪክ የሚሰጠው መልስ ከዕውቀት ይልቅ ወደ ሌላ ነገር ያመለክታል። ማር ርካሽ የሚሆነው ሻጩ መቆየት በማይችልበትና ሌላ ገዢ በሌለበት ሰዓት ነው፤ ያንን ሰዓት ደግሞ የሠሩት ሕግ፣ ጾም፣ ወንዝና ዕዳ ናቸው።

መነሻው የቀን መቁጠሪያው ነው። በምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍናል፤ መጭ በየማሳው ዳር ይፈነዳል፤ ኑጉም በተራው ያብባል። ንቡ የሚሠራው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው። ቀፎው ሞልቶ ማሩ የሚቆረጠው በአብዛኛው በጥቅምትና በኅዳር ይሆናል። ከግንቦት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜም ከብሳናና ከሌሎች ዛፎች አነስ ያለ ሁለተኛ ምርት ይገኛል፤ ዓመቱን የሚወስነው ግን የመጀመሪያው ነው። ማሩ ገና ከቀፎ እንደወጣ፣ ኅዳር 15 ላይ፣ ጾመ ነቢያት ይገባል። እስከ ገና ሠርግ የለም፤ ድግስም የለም ማለት ይቻላል፤ ጠጅ የሚጥል ቤትም ጥቂት ነው። ገና አልፎ ጥምቀት ሲደርስ የሠርጉ ወር ይከፈታል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስም በየቀበሌው ጋን ይታጠናል፣ ጌሾ ይወቀጣል። እንግዲህ ማሩ ገበያ የሚሞላው ፈላጊው ባነሰበት ወር ነው፤ ፈላጊው የሚመጣው ደግሞ ማሩ ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ወር ቢሆን ነው። ሁለት ወር መቆየት የቻለ ሰው ምንም የተለየ የማር ዕውቀት ሳይኖረው ያተርፋል።

ገበሬው ለምን ራሱ አይቆይም? ማር እኮ እንደ ቲማቲም የሚበላሽ ነገር አይደለም። እንዲያውም የዚህ አገር መጠጥ ከፈረንሳዩ የሚለይበት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። የቦርዶ ወይን በጠርሙስ ውስጥ እያረጀ ይከብራል፤ የወይን ነጋዴ ሀብቱን በጓዳ የሚያስቀምጠው ጠርሙስ አድርጎ ነው። ጠጅ ግን ከደረሰ በኋላ ጊዜው አጭር ነው፤ ከቆየ ይደርቃል፣ ብሎም ይኮመጥጣል። በጎጃም የሚቀመጠው ሀብት መጠጡ ሳይሆን ማሩ ነው፤ በእንስራ፣ በቅል፣ በስልቻ። በደንብ ደርሶ የተቆረጠና እርጥበት ያልነካው ማር ቢረጋም ለጠጅ ያገለግላል። ስለዚህ ገበሬው ማስቀመጫ አጣ ማለት አይቻልም፤ ያጣው ጊዜ ነው። ጊዜውን ማን እንደወሰደበት ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 መጀመሪያ፣ ማለትም በዋናው የማር ወቅት ነበር። ግሽ ዓባይ ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ዞን በሰከላ ወረዳ ውስጥ ናት። ብሩስ ስለ አገው አገር ሲጽፍ ሕዝቡ ለጎንደር ከብት፣ ቅቤ፣ ሰምና ማር እንደሚያቀርብ፣ ለንጉሡም በማር እንደሚገብር መዝግቧል። በማር የሚከፈል ግብር በአገሪቱ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የዘለቀ ልማድ ነው። ግብሩ ሲከፈል ዋጋ የሚባል ነገር የለም፤ መስፈሪያው የታወቀ ነው፣ ተቀባዩም አንድ ነው። በዚህ ላይ ጠጅ እንደ ማዕረግ ይታይ ነበር። በየዕለቱ ጠጅ የሚጣለው በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ግቢ ነበር፤ ተራው ሰው ለሠርግ ወይም ለታላቅ በዓል ካልሆነ ወይም ካልተፈቀደለት በስተቀር ጠላ ጠጪ ነበር። ይህን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ባህል ወግ፣ እንደ ክብር ሥርዓት ብቻ እንተርከዋለን። በገበያ ዓይን ስናየው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ማር አምራቹ ራሱ፣ ጎረቤቱም ሆነ የመንደሩ ሀብታም ጥሩ ማር ገዝተው ጠጅ ለመጣል እንዳይወዳደሩ ሥርዓቱ አስቀድሞ ከተጫራችነት አስወጥቷቸዋል። ጌታው ማሩን በርካሽ ያገኘው ከባላገሩ የተሻለ ማር አዋቂ ስለሆነ አይደለም። ማሩን የሚያውቀው ባላገሩ ነበር።

ከሕግ ቀጥሎ ርቀት ነው። ጎጃምን በሦስት ወገን የከበባት ዓባይ በክረምት አያሻግርም ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የደቡቡን ንግድ ከሰሜን ጋር ያገናኝ የነበረው ትልቁ የጎጃም ገበያ ባሶ፣ የጁቤ አጠገብ፣ ይውል ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ተቀምጦ ስለ ንግዱ ጽፏል፤ ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲም እንዲሁ። ከእናርያ ተነስቶ በጉዱሩ በኩል ዓባይን የተሻገረ ቅፍለት ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ያመጣ ነበር፤ በባርነት የሚሸጡ ሰዎችንም እንዲሁ። ባሶ ላይ በአሞሌና በማርያ ቴሬዛ ብር ተገበያይቶ በደሪጣና በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ ያመራል። ቡሬ ዛሬም በዳሞት በኩል ወደ ዓባይ የሚወርደውና ነቀምት የሚያደርሰው መንገድ መነሻ ናት። ነጋዴው የሚመጣው ወንዙ ሲጎድል ነው፤ በየኬላው ቀረጥ ከፍሎ ሲያልፍም የከፈለውን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ይጥላል፣ ወይ በሩቅ ገበያ በሚሸጠው ላይ ወይ እዚህ በሚገዛው ላይ። ሩቁን ገበያ እሱ ብቻ ያየዋል፤ የሰከላና የቡሬ ገበሬ አላየውም። ሰም ወደ ውጭ የሚሄድ ዕቃ ስለነበር የማር እንጀራው ሁለት ዋጋ ነበረው፤ አንዱ በጠጅ ጣዩ ቤት፣ ሌላው በባሕሩ ዳር። ገበሬው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ዕውቀት ዋጋ አለው የሚለውን እቀበላለሁ፤ ግን ይህ የጣዕም ዕውቀት አይደለም፣ የመንገድ ዕውቀት ነው፤ መንገዱ ደግሞ በቅፍለትና በኬላ የተያዘ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግብር ወደ ገንዘብ ሲዞር የማሩ ታሪክ ይቀየራል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። በማር የሚሰፈረው ግብር ቀረ፤ ገበሬው ማሩን ለፈለገው መሸጥ ቻለ። ሆኖም በ1930ዎቹ የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ብር ጠየቁ፤ ብር ለማግኘትም መሸጥ የግድ ሆነ። ጎጃም የመሬት ልኬታን አጥብቆ እንደተቃወመ የታወቀ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ደግሞ አመጹ በሞጣና በዳሞት በኩል ተቀጣጥሎ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴን ከቦታቸው አስነሥቷል። ይህን አመጽ ታሪክ ጸሐፊዎች ርስትን ከማጣት ፍርሃት ጋር ያያይዙታል፤ ልክ ናቸው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ በገንዘብ የሚከፈል ግብር የሚጠየቀውን መጠን ብቻ ሳይሆን የመሸጫውን ቀንም ይወስናል። በአንድ ወር ውስጥ በርበሬው፣ ማሩና አዲሱ እህል አብረው ገበያ ይወጣሉ፤ ሁሉም ሻጭ ነው፣ ገዢው ጥቂት ነው። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ባቋቋመው የእህል ገበያ ድርጅት በኩል ኮታና የተወሰነ ዋጋ ሲያመጣ፣ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ፣ እህሉ ከዚህ ጨዋታ ወጥቶ ወደ ባሰ ገባ፤ አንድ ገዢ፣ አንድ ዋጋ። ግብር በማር ይሰፈር ከነበረበት ዘመን ጋር ያለው መመሳሰል የሚገርም ነው።

ዛሬ ገበሬውን የሚያስቸኩለው ከግብሩ ይልቅ ዕዳው ነው። ክረምት ላይ ማዳበሪያ ይገዛል፤ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ጎተራው ባዶ ነው። በዚህ ወቅት ገንዘብ ያለው ነጋዴ ማሩ ገና በአበባ ላይ ሳለ ቀብድ ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ በነሐሴ 1,000 ብር ወስዶ በኅዳር 1,300 ብር የሚያወጣ ማር ቢያስረክብ፣ ማንም አራጣ አይለውም፤ ንግድ ነው ይባላል። ሲሰላ ግን የሦስት ወር ወለዱ 30 በመቶ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች የሚስማሙበት የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር፤ ማር የለበሰን ወለድ ግን ማንም ዳኛ ፊት አቅርቦ አያስቆጥረውም። ርካሽ ማር የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ገዢው ያገኘው ቅናሽ ለሻጩ ያበደረው ገንዘብ ወለድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ማር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሲባል የኖረውም ይህ ነው። የአደይ አበባው ማር ቢጫ ነው፣ የብሳናው ይጠቁራል፣ የግራዋው ይመርራል፣ የጌተሙ ይነጣል። ያልበሰለ ማር አለ፤ እጭ የበዛበት አለ፤ ሰፈፉ ከወለላው የሚበልጥ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ማጭበርበር አለ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ ስኳር ለከተማው ጠጅ ቤት ቅርብ ሆነ፤ ስኳር የተቀላቀለበት ማርና ማር የሸተተው የስኳር ጠጅም የገበያው አካል ሆኑ። ታዲያ የሚያውቅ ገዢ የማያውቀውን እንዴት አይበልጠውም? ይበልጠዋል፤ የሚበልጠው ግን ባለመሞኘት ነው። ዕውቀት ከኪሳራ ይጠብቃል፤ ትርፍ የሚያመጣው ሻጩ ያንኑ ዕውቀት ካጣ ብቻ ነው። በወይን ጨረታ ይህ ሊሆን ይችላል፤ የሟች ዘመዶች የማያውቁትን ጓዳ ጠራርገው ለአጫራች ይሰጣሉና። በቡሬ ገበያ ግን ማሩን የሚሸጠው ራሱ ቀፎውን የሰቀለው፣ ንቡ የትኛው አበባ ላይ እንደዋለ ያየው ሰው ነው። ከሱ በላይ አዋቂ ነኝ የሚል ገዢ ቢመጣ ሰው ይስቅበታል። በወይኑም ዓለም ቢሆን አዋቂነት የሚታመነውን ያህል ጋሻ አልሆነም፤ ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለው ነጋዴ በቤቱ የቀመመውን ሐሰተኛ ወይን ለስንት ስመ ጥር ሰብሳቢ ሽጦ እ.ኤ.አ. በ2014 የ10 ዓመት እስራት የተፈረደበት ገዢዎቹ አላዋቂ ስለነበሩ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ጨረታና ክርክር ለየቅል ናቸው የሚል ነው። በጨረታ ዋጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ በገበያ ክርክር ሻጩ ከላይ ገዢው ከታች ተነሥተው መሐል ይገናኛሉ። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ርካሽ የሚሆንበት ምክንያት ግን አንድ ነው። የፕሪንስተኑ የምጣኔ ሀብት ምሁር ኦርሊ አሸንፈልተር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት በአንድ ጨረታ ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ወይኖች በተከታታይ ሲሸጡ ኋላ የተሸጠው ዋጋው ከመጨመር ይልቅ የመቀነስ ዕድሉ የሰፋ መሆኑን አሳይቷል። ወይኑ ያው ነው፤ ጣዕሙ አልተለወጠም፤ አንድ ሊሆን የሚችል ምክንያት አጥብቀው የሚፈልጉት ቀድመው ገዝተው መውጣታቸው ነው። ማታ ላይ ማሩን ተሸክሞ ወደ ቆላ መንደሩ ከመመለስ በቀነሰ ዋጋ የሚሰጥ ገበሬም ያለው እዚያው ላይ ነው። በራሳችን ሕግም ቢሆን ሐራጅ ማለት በአብዛኛው የተቸገረ ሰው ንብረት የሚሸጥበት መንገድ ነው። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ለማስፈጸም የሚደረገውን የሐራጅ ሽያጭ ሲዘረዝር ማስታወቂያ እንዲወጣ ያስገደደው፣ የባለዕዳውን የሥራ መሣሪያ፣ የገበሬውን የእርሻ ከብትና ዘር ከመያዝ ነጻ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕግ አውጪው ተጫራች ካልበዛ ዋጋ እንደሚወድቅ፣ የወደቀውም ዋጋ የሰውን ኑሮ ይዞ እንደሚወርድ ያውቅ ነበር። ለማር ሻጩ ግን ማስታወቂያ የሚያወጣለት የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የነጋዴው ነው። ያቆየ ሰው ያለ ዋጋ አልቆየም ይላል፤ ገንዘቡ ታስሯል፤ ያልበሰለ ማር ከገዛ ይፈላበታል፤ እንስራ ይሰበራል፣ ጉንዳን ይገባል፤ ሠርጉ ቢያንስ ወይም መንገዱ ቢዘጋ ዋጋው አይነሣም። በቦን የሚሸጠውም ወይን እኮ ከተቆረጠ ጥቂት ወራት የሆነው፣ ገና በርሜል ውስጥ ያለ ነው፤ የሚጠጣበትን ዓመት የሚጠብቀው ገዢው ነው፣ ለዚህ ጥበቃም ይከፈለዋል። በዚህ ክርክር እስማማለሁ። የማከማቸት ሥራ ሥራ ነው፤ ሻጥር ብሎ መጥራት የደርግ ዘመን ቋንቋ ነው። የማልስማማው ከዚህ ወዲያ ላለው ነው። የቦኑ ሆስፒታል ወይኑን በኅዳር የሚሸጠው በገዛ ፈቃዱ፣ ገዢዎቹን ከዓለም ዙሪያ ሰብስቦ ነው። የጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ ኅዳር ላይ የሚሸጠው ሌላ ምርጫ ስላጣ ነው። ሁለቱም ለሚጠብቅ ሰው ይከፍላሉ፤ አንዱ የሚከፍለውን ዋጋ በተጫራች ብዛት አውቆ ይከፍላል፣ ሌላው ግን የተባለውን ይከፍላል። ክፍተቱ የሚገኘው እዚህ ነው፤ መጠኑም የሚለካው በማሩ ጥራት ሳይሆን በገዢው ቁጥር ነው።

ይህ ትክክል ከሆነ መፍትሔ እየተባለ የሚቀርበውንም በዚሁ መመዘን ይቻላል። ዘመናዊ ቀፎና ማጣሪያ ተሰጠው የሚባለው ገበሬ የተሻለ ማር ይኖረዋል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2008 ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ይህ ተጫራች ስለሚጨምር ጠቃሚ ነው፤ የጥራቱ ሥልጠና ብቻውን ግን የኅዳርን ዋጋ አያነሣም፤ ጥሩ ማርም ቢሆን ኅዳር ላይ የሚሸጥ የኅዳር ማር ነው። ጠጅ ጣዩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተጣራ ወለላ አይፈልግም፤ ከነሰፈፉ ያለው ይበቃዋል፣ የተጣራውን በተጣራው ዋጋ አይከፍልበትም። ባሕር ዳር የሚገኘውን የዘንባባ ዩኒየን የመሰሉ የንብ አርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠቅሙት ማሩን ከገበሬው ተረክበው እስከ ጥርና ከዚያም በኋላ ማቆየት እስከቻሉ ድረስ ነው፤ ሲረከቡ ግን ለዕዳው የሚበቃ ገንዘብ በእጁ ካልሰጡት ማሩን ለነሱ ሳይሆን ቀብድ ለሰጠው ሰው ያስረክባል። ብዙ ማኅበራት የወደቁት በዚህ ነው ብዬ ባስብ አልሳሳትም፤ ገንዘብ የሌለው ማኅበር የገበሬውን ጊዜ ሊገዛለት አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዓይኔን የሚስበው ቡሬ ያለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ነው። ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህ አካባቢ የታየው በበቆሎው ነበር። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372/1996 ደግሞ መጋዘን ያስገባ ሰው የተሰጠውን ደረሰኝ አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እህሉ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ደረሰኙን ይዞ ለጊዜው የሚበቃውን ገንዘብ ያገኛል፣ ዋጋው ሲነሣ ይሸጣል። ለትንንሽ ገበሬ በተግባር ምን ያህል ደርሶታል የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ የብዙው ገበሬ በቆሎ መጋዘን የሚገባው በነጋዴ ስም ነውና። የማር ንግድ ግን በአብዛኛው ከዚህ ሥርዓት ውጭ፣ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጠጅ ቤት ነው የሚካሄደው። ማር ከበቆሎ ይልቅ ለዚህ የተመቸ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ነቀዝ አይበላውም፤ ለክብደቱ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ትንሽ ክፍል ብዙ ብር ትይዛለች፤ እርጥበቱን የሚለካ ትንሽ መሣሪያም በቀላሉ ይገኛል። የሚያስቸግረው ደረጃ ማውጣቱ ነው፤ በሰፈፍና በወለላ መካከል ያለውን መለየት ገዢውና ሻጩ የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ይጠይቃል። ምርት ገበያው ለቡናና ለሰሊጥ ይህን ሲያደርግ ኖሯል። ለማር የሚደረገው ቡሬ ላይ ቢጀመር ተጫራቹ ከአዲስ አበባም ከነቀምትም ይመጣል፤ በኅዳር ማርን በርካሽ የሚያገኘው ሰው ቢቀንስም በጥር ሠርግ የሚደግሰው የፍኖተ ሰላም ቤተሰብ ምናልባት የሚከፍለው ከዛሬው እምብዛም ላይለይ ይችላል፤ የሚለወጠው ገንዘቡ በየትኛው እጅ ላይ እንደሚቀር ነው።